የማታው ብሩሽ የማን ሥራ ነው?

አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። የኮንዶሚኒየሙ የውኃ ፈረቃ ስላልደረሰ መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ቢጫ ጄሪካን ቆሟል፤ ከጎኑ ጆግና የፕላስቲክ ኩባያ። እናትየው ከሥራ የገባችው ገና አሁን ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ያደከመውን ፊቷን እንኳ አልታጠበችም። ሦስት ዓመት የሞላው ልጇ ራቱን በልቶ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻዩን ጠጥቶ፣ ሶፋው ላይ ዓይኑን እያሸ ነው። ብሩሹን ሲያይ ከንፈሩን ጥርቅም አደረገ።

«ና የኔ ጌታ፣ አንዴ ብቻ።»

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው ነገ ሐኪም ቤት ነን። ዶክተሩ በመርፌ ነው የሚወጋህ!»

ልጁ አለቀሰ። ይሄኔ አያቱ ከሶፋው ጥግ ሆነው ጣልቃ ገቡ፤ «ተይው እባክሽ ልጄ! ደክሞታል። የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ነገ ወዳቂ ነው።»

እናትየው መልስ አልሰጠችም። ብሩሹን አስቀምጣ ፊቷን ታጠበችና ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። የሰባት ዓመት ሴት ልጇን ጠርታ ራሷን ጭኗ ላይ አስተኛቻት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ ስትሠራት እንደምታደርገው። የልጅቷን ጥርስ ከላይ ወደ ታች እያየች፣ ቀስ እያለች መቦረሽ ጀመረች። «እዚህ ጋ እንጀራ ተደብቋል... አሃ! አገኘሁት... እዚህ ጋ ደግሞ ድንች።» ልጅቷ ትስቃለች። ልጁ ለቅሶውን አቋርጦ ከሶፋው ወረደ፤ ቀረብ አለ፤ የእህቱን አፍ አጎንብሶ አየ። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይጠራው ራሱን የእናቱ ሌላኛው ጭን ላይ ጣል አደረገና አፉን ከፈተ። «የኔስ ድንች አለው?»

እንዲህ ያለው ትግል በየቤቱ ማታ ማታ አለ። ከወላጆች፣ ከሞግዚቶችና ከጥርስ ሐኪሞች ጋር ስናወራ ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ «ልጄ እንዲቦርሽ እንዴት ላድርገው?» የሚል ነበር። የዚህ ዘገባ ጸሐፊ እምነት ግን ጥያቄው ከመነሻው መስተካከል አለበት የሚል ነው። የትንሽ ልጅ ጥርስ መቦረሽ የልጁ ሥራ አይደለም። የአዋቂ ሥራ ነው። ዳይፐር እንዲቀይር፣ ጥፍሩን እንዲቆርጥ የሦስት ዓመት ልጅ የሚያዝ ወላጅ የለም፤ ብሩሹን ግን እጁ ላይ አስይዘን «በል ቦርሽ» እንለዋለን። ልጁ የጥርስ ሳሙናውን ልሶ፣ ብሩሹን አኝኮ ይመለሳል። እኛም ቦረሸ ብለን እናስተኛዋለን።

አያቲቱ ያሉት ነገር ደግሞ ግማሽ እውነት ስላለበት ነው ብዙ ቤት የሚያሳስተው። የወተት ጥርስ በእርግጥ ይወድቃል። ግን መቼ? ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ከስድስት ወር ገደማ ጀምረው ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ሞልተው ያልቃሉ። ቀድመው የሚነቃነቁት የፊቶቹ ናቸው፤ እነሱም ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ላይ። የኋላዎቹ፣ ልጁ ሥጋውንና ቆሎውን የሚያኝክባቸው መንጋጋዎች፣ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። በአራት ዓመቱ መንጋጋው የተበላ ልጅ ያንን ጥርስ ይዞ ገና ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል ማለት ነው። እስኪወድቅ መጠበቅ ማለት ለዚያን ያህል ዓመት በአንድ በኩል ማኘክ፣ ሌሊት እያለቀሱ መንቃት፣ አንዳንዴም ጉንጭ አብጦ ትኩሳት መያዝ ነው። ሕመሙ ወደ ሥሩ ከወረደ ከታች እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። ጥርሱ ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚው ሲመጣ ቦታ አጥቶ ተጣሞ ይበቅላል።

ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ሌላ ነገርም አለ። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከወተት መንጋጋዎቹ ሁሉ ኋላ፣ ከላይና ከታች በግራና በቀኝ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ለነሱ ቦታ ለመልቀቅ የሚወድቅ ጥርስ ስለሌለ ማንም ልብ አይላቸውም፤ ያስተዋለም የወተት ጥርስ ይመስለዋል። እነሱ ግን ቋሚ ናቸው። ልጁ እስከ እርጅናው የሚበላባቸው ናቸው። ጥልቅ ስንጥቅ ስላላቸውና ብሩሽ ስለማይደርስባቸው ከቋሚ ጥርሶች ሁሉ ቀድመው የሚበሰብሱትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ያየነውን እዚህ ማንሳት ይገባል። አንድ ወጣት አባት የአራት ዓመት ወንድ ልጁን አቅፎ ገባ። የልጁ ግራ ጉንጭ አብጧል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ከሁለቱም ዓይን ይታያል። ሐኪሟ ልጁን ወንበሩ ላይ ለብቻው አላስቀመጠችውም። አባትየውን ከፊት ለፊቷ አስቀምጣ ጉልበቷን ከጉልበቱ ጋር አገጣጠመች፤ ልጁ ፊቱን ወደ አባቱ አድርጎ ጭኑ ላይ ተቀመጠና ራሱ ወደ ኋላ፣ ሐኪሟ ጭን ላይ ተንጋለለ። የአባቱን ፊት እያየ ስለሆነ ብዙም አልተንፈራገጠም። ሐኪሟ በአውራ ጣቷ የላይኛውን ከንፈር ከፍ አደረገች። አራቱ የላይኛው ፊት ጥርሶች ቡናማ ጉቶ ሆነዋል። የታችኞቹ ግን ነጭ ናቸው፤ ምንም አልነካቸውም።

«ጡጦ ይዞ ነው የሚተኛው?» አለች፤ ሌላ ሳትጠይቅ።

አባትየው ደነገጠ። «ካልያዘ አይተኛም። ወተት ነው፣ ትንሽ ስኳር ጣል ይደረግበታል። አንዳንዴ አጥሚት።»

ሐኪሟ ይህን ያወቀችው ከጥርሶቹ ነው። ጡጦ የሚጠባ ልጅ ምላሱ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ይሸፍናቸዋል፤ ምራቅም እዚያ ይከማቻል። የላይኞቹ ግን ጣፋጩ ወተት ሌሊቱን ሙሉ ይተኛባቸዋል። የላይኞቹ አልቀው የታችኞቹ ጤናማ ሆነው ከተገኙ ታሪኩ የሌሊት ጡጦ ነው።

በየሠፈሩ አሁንም ጥርስን ትል እንደሚበላው የሚያምኑ አሉ። ትል የለም። አፍ ውስጥ የሚኖሩ፣ ዋነኛዋ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የምትባል ባክቴሪያዎች አሉ፤ ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ። የአፍ የአሲድ መለኪያ፣ ፒኤች፣ ወደ 5.5 እና ከዚያ በታች ሲወርድ የጥርሱ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜል፣ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን እያጠበ፣ የጠፋውን ማዕድን እየመለሰ ይጠግናል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ልጁ ስንት ከረሜላ በላ ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ አፉ ውስጥ ስኳር ገባ የሚለው ነው። ከምሳ በኋላ አንዴ ጣፋጭ የበላ ልጅ ጥርሱ የሚያገግምበት ከሰዓት ሙሉ አለው። ብስኩት እየቆረጠመ፣ የጣፈጠ ሻይ በጡጦ ይዞ ከክፍል ክፍል የሚዞር ልጅ ግን ጥርሱ ፋታ የለውም። ሌሊት ደግሞ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ማታ ሳይቦረሽ የተኛ ልጅ ጥርሱ እስኪነጋ ድረስ ጠጋኝ የለውም።

የአገራችን ልማድ ላይ ያለው ችግር እዚህ ጋ ነው። ጥርስ የምናጸዳው ጠዋት ነው። አባቶቻችን ጠዋት ከቤት ሲወጡ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ ነበር፤ እኛም ጠዋት ፊታችንን ስንታጠብ እንቦርሻለን። ከሰው ጋር ከመገናኘታችን በፊት አፋችን እንዲጸዳ ነው። ክፉ ልማድ አይደለም፤ ለትንሽ ልጅ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል መምረጥ ያለብን ማታውን ነው። የሚቆርቡ ልጆች ያሏቸው የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች እሑድ ጠዋት ልጁ ውኃ እንዳይውጥ ብለው ብሩሹን ይተዉታል። ቅዳሜ ማታ በደንብ ከተቦረሸ ይህ ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፤ ቅዳሜ ማታም ከታለፈ ግን ልጁ ቅዳሜ የበላውን ይዞ እሑድ ይደርሳል።

ማታ የማይሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወላጅ አምሽቶ ይገባል። ልጁን ራት የምታበላውና የምታስተኛው ብዙ ጊዜ ሞግዚቷ ወይም አያቱ ናቸው፤ ስለ ጥርስ ደግሞ ማንም የነገራቸው የለም። አንዲት ቦሌ ቡልቡላ የምትሠራ ሞግዚት የነገረችን እንዲህ ነው፤ «ገላውን እንዳጥበው፣ ምሳ እቃውን እንዳጥብ፣ ዩኒፎርሙን እንድተኩስ ተነግሮኛል። ጥርሱን ቦርሺለት ያለኝ የለም። ራሱ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር።» ብሩሹን ለልጁ ከመግዛት በፊት ማታ ማታ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ በቤት ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት። ይህ ካልተወሰነ ከዚህ በታች የሚነገረው ዘዴ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሰዓቱም ይለወጥ። ልጅ ዓይኑን እያሸ እያለ የሚደረግ ነገር ሁሉ ወደ ለቅሶ ይሄዳል። ከራት እንደተነሳ፣ ገና ጉልበት እያለው፣ ቴሌቪዥን ሳይከፈት ቢሆን ትግሉ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ። «ከብሩሽ በኋላ የሚበላም የሚጠጣም የለም» የሚለው ሕግ ሁለት ሳምንት ከጸና ልጁ ራሱ ለእንግዳ የሚያስረዳው ሕግ ይሆናል።

አቀማመጡን የጀሞዋ እናት አሳይታናለች። ከፊት ለፊት ቆሞ ብሩሽ ወደ ልጅ አፍ መወርወር ለሁለቱም ከባድ ነው፤ ልጁ ራሱን ወደ ኋላ ይስባል፤ ወላጁም የሚቦርሸውን አያይም። ራሱ ጭን ላይ ሲያርፍ ግን አፉ ከነመንጋጋው ይታያል፤ አንድ እጅ አገጩን ይደግፋል፤ ሌላው ይቦርሻል። ቁመቱ ከፍ ያለውን ልጅ ደግሞ ከኋላው ቆሞ፣ ራሱን ደረት ላይ አስደግፎ፣ መስታወት ፊት መቦረሽ ይቻላል። ብሩሹ ትንሽ ጭንቅላት ያለውና ለስላሳ ይሁን። የአዋቂ ጠንካራ ብሩሽ ድዱን የወጋው ልጅ በማግስቱ አፉን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

ሳሙናውም እንዲሁ ነው። ሱቅ ሄደን «ኮልጌት ስጠኝ» ብለን የምናመጣው የአዋቂ ሳሙና ለብዙ ልጆች ምላስ ያቃጥላል። «ያቃጥለኛል» የሚል ልጅ ሰበብ እየፈለገ ላይሆን ይችላል። መጠኑን መቀነስ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ለማንም ልጅ አይመከርም። ከሦስት ዓመት በታች የአንድ ፍሬ ሩዝ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአንድ ፍሬ አተር ያህል ይበቃል። ማሸጊያው ላይ የፍሎራይዱ መጠን ይጻፋል፤ 1000 ፒፒኤምና ከዚያ በላይ የሆነው ነው የሚጠቅመው። ፍሎራይድ አሲዱ ያሳጣውን ማዕድን እንዲመለስ ያግዛል፤ ኢናሜሉንም ያጠነክራል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሮ በሩዝ ፍሬ መጠን እንዲጀመር መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ከአሞክሳሲሊን ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ሠፍሯል ማለት ነው፤ እንደ ቅንጦት ዕቃ የምናየው ሰዎች ይህን ልብ ልንል ይገባል።

ተቦርሾ ሲያልቅ ልጁ ይተፋል። መትፋት ካልቻለ በጨርቅ ይጠረግለታል። በውኃ አሥር ጊዜ መጉመጥመጥ ግን አያስፈልግም፤ ጥርሱ ላይ ሊቆይ የሚገባውን ፍሎራይድ ያጥበዋል። ይህ ደግሞ የጄሪካን ውኃ ለሚቆጥብ ቤት መልካም ዜና ነው። ብሩሹን ለማጠብ ሩብ ኩባያ ውኃ ይበቃል። «ውኃ የለም» የማይቦረሽበት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ማስፈራራቱን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። «ዶክተሩ በመርፌ ይወጋሃል» የሚለው ንግግር በየቤታችን አለ፤ እኛም የሰማነው ነው፤ እንዲህ ማደጋችን ያልጎዳን ይመስለናል። ውጤቱን ግን ክሊኒኮች ውስጥ ማየት ይቻላል። ልጁ ሐኪም ማለት ቅጣት ነው ብሎ አምኖ ያድጋል። ሲያመው ይደብቃል፤ ሕመሙን የሚናገረው መደበቅ ሲያቅተው ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ በትንሽ ሙሌት የሚያልቀው ነገር ወደ መንቀል ደርሷል። «ከቦረሽክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» የሚለውም ሥራውን በራሱ ያፈርሰዋል። ሽልማት ካስፈለገ ተረት አለ።

ሰሚት ያገኘነው አባት የሚያደርገው ይህንን ነው። ልጁን ጭኑ ላይ አጋድሞ ስለ አያ ጅቦና ስለ እመት ጦጣ ይጀምራል። ሕጉ አንድ ነው፤ ተረቱ የሚቀጥለው አፍ እስከተከፈተ ድረስ ነው። አፍ ሲዘጋ አያ ጅቦ ባለበት ይቆማል፤ አባትየውም ዝም። ልጁ «ከዚያስ?» ለማለት አፉን ሲከፍት ብሩሹ ይገባል፤ ተረቱ ይቀጥላል። እመት ጦጣ ከላይኛው መንጋጋ ወደ ታችኛው ትዘላለች፤ አያ ጅቦ ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ ተደብቆ ይያዛል። አባትየው ተረቱን የሚሠራው ብሩሹ በደረሰበት ቦታ ልክ ነው፤ ስለዚህ ሳይነካ የሚቀር ጥርስ የለም። ሁለት ደቂቃ ሳይታወቅ ያልፋል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ልጆችን ያስቀመጡበትን ኃይል አንድ አባት ለአንድ ልጅ ሲጠቀምበት ማየት ደስ ያሰኛል።

ምርጫ መስጠትም ይረዳል፤ ግን ምርጫው መቦረሽና አለመቦረሽ መካከል መሆን የለበትም። «ትቦርሻለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «አልቦርሽም» ቢል የጠየቅነውን ነው የመለሰው። «ቀዩን ነው ወይስ ሰማያዊውን? ከላይ እንጀምር ከታች? እኔ ልቦርሽልህ ወይስ እቴቴ?» ሲባል ግን የሚወስነው ነገር ያገኛል። መጀመሪያ ራሱ እንዲሞክር ብሩሹን መስጠት፣ ከዚያ «አሁን የእማዬ ተራ» ብሎ መቀበል ለብዙ ቤት ሠርቷል። ሁለቱም መኖር አለባቸው፤ የልጁ ተራ ለልምዱ፣ የእማዬ ተራ ለጥርሱ።

እስከ መቼ? ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ድረስ። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ ይገረማል። የልጅ እጅ ግን ብሩሽን ከኋላ መንጋጋ ጀርባ አዙሮ ለማጽዳት የሚያስችል ቅልጥፍና የሚያገኘው ያኔ ነው። የጫማውን ክር ራሱ ማሰር ያልቻለ ልጅ ጥርሱንም በደንብ መቦረሽ አይችልም ብሎ መያዝ ጥሩ መለኪያ ነው።

አንዳንድ እምቢታ ደግሞ ሕመም ነው። ትናንት በሰላም ሲቦርሽ የነበረ ልጅ ዛሬ ብሩሹ አንድ ቦታ ሲነካው ከጮኸ፣ ከንፈሩን ከፍ አድርጎ በባትሪ ማየት ይገባል። ድዱ ሥር ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ መስመር ከታየ የመበስበሱ መጀመሪያ ነው፤ በዚህ ደረጃ በፍሎራይድና ስኳር በመቀነስ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ከሆነ ወይም ከተቦረቦረ ሐኪም ይየው። በወር አንዴ ከንፈር ከፍ አድርጎ ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ስለ መፋቂያ የሚጠይቁም አሉ። ታክሲ ተራው ላይ ልጆች በእቅፍ እያሰሩ የሚሸጡት የወይራና የሌላ እንጨት መፋቂያ ለአዋቂ፣ በትክክል ለሚጠቀምበት፣ ጥሩ የጽዳት መሣሪያ ነው። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ ግን አይሆንም፤ ድድ ይወጋል፤ ፍሎራይድም የለውም። ጥቅሙ በሌላ በኩል ነው። ሶላት ከመቆሙ በፊት ሚስዋክ የሚጠቀም አባት ያለው ልጅ፣ ጠዋት ደጃፍ ላይ መፋቂያ ይዛ የምትቀመጥ አያት ያለችው ልጅ፣ ጥርስ የሚጸዳ ነገር መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ልጅ የሚያየውን ነው የሚያደርገው። ማታ ማታ አባትና እናት ልጁ እያያቸው ካልቦረሹ «ቦርሽ» የሚለው ትእዛዝ ለልጆች ብቻ የተፈጠረ ግፍ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ብሩሽ ገና ሳይገባ በልጅ ድድ ላይ የሚፈጸም በደል አለ። ሕፃን ጥርስ ሊያወጣ ሲል ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ በድዱ ውስጥ ያለው የክራንቻ ጥርስ እንቡጥ በስለት ወይም በሹል ነገር ይወጣል። ተቅማጡ የሚመጣው ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከትና በንጽሕና ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱም ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ ነው። የሚወጣው ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል፤ ከተረፈም ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የወተት ክራንቻቸው የጎደለ ልጆች ያጋጠሟቸው በዚህ ምክንያት ነው። ልማዱ አሁንም አልጠፋም፤ ማጥፋት ግን ግዴታችን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ደግሞ የወላጆች ጭንቀት መልኩን ይለውጣል። ወንጂ፣ መተሃራ፣ ባቱና አካባቢው ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ልጆች ብዙ ናቸው። በየትምህርት ቤቱ «ጥርስህን አትቦርሽም» ተብለው ይሰደባሉ፤ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። አንዳንድ ወላጅ በአመድ፣ አንዳንዱ በአሸዋ ይፈትጋቸዋል። ይህ ፍትጊያ ኢናሜሉን ከመጨረስ በቀር ምንም አይፈይድም። ቡናማው ቀለም ያለመቦረሽ ውጤት አይደለም። ከጉድጓድ ውኃ የሚመጣ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ የገባ የበዛ ፍሎራይድ ውጤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ የስኳር እርሻ ያንን ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ሳይቀር ተጎድቷል። መፍትሔው የውኃ ጉዳይ ነው፤ ዝናብ ውኃ ማጠራቀም፣ ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውኃ ማግኘት። ቀለሙ የሚወሰነው ልጁ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ስለሆነ ንጹሕ ውኃ ካለ ቅድሚያ ማግኘት ያለባቸው ትንንሾቹ ናቸው። በእነዚህ አካባቢዎች ያለ ወላጅ ስለ ሳሙናው ምርጫ የጥርስ ባለሙያ ያማክር፤ መጠኑን ያሳንስ፤ ልጁ መትፋቱን ያረጋግጥ። ልጁን ግን ባላጠፋው ጥፋት አይቆጣው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ያልታከመ የወተት ጥርስ መበስበስ ያለባቸውን ልጆች 514 ሚሊዮን ገደማ ብሏቸዋል። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ እናት ጭን ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። ስኮትላንድ ቻይልድስማይል የተባለ ፕሮግራም ጀምራ በሙዓለ ሕፃናት ሁሉ ልጆች በአስተማሪ ፊት በየቀኑ በፍሎራይድ ሳሙና እንዲቦርሹ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 አንደኛ ክፍል ከሚገቡ ልጆቿ ግልጽ የጥርስ መበስበስ ያልታየባቸው 45 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2020 ከ70 በመቶ በላይ ደርሰዋል። ሀብታም አገር ስለሆነች ነው የሚል ካለ ፊሊፒንስን ይይ፤ እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ግቢ ውስጥ ተሰልፈው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በቡድን ይቦርሻሉ። የሚያስፈልገው ብሩሽ፣ ሳሙና፣ ኩባያና የሚቆጣጠር አስተማሪ ነው።

እኛም መነሻው አለን። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች በየቀኑ ምግብ ይበላሉ፤ ከመብላታቸው በፊት ተሰልፈው እጃቸውን ይታጠባሉ። ያ ሰልፍ ከምግቡ በኋላ ሁለት ደቂቃ ቢጨመርበት፣ ስማቸው የተጻፈበት ብሩሽ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ በኬጂና በኦ ክፍል ያሉ ልጆች ማታ ቤታቸው የሚሆነው ነገር ባይሳካ እንኳ በቀን አንዴ ይቦርሻሉ። ሕፃናት በዘጠኝ ወራቸው ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ያኔ የፊት ጥርሶቻቸው ብቅ ብለዋል። ክትባቱን የምትሰጠው ነርስ ከንፈሩን ከፍ አድርጋ አይታ፣ ለእናቲቱ የሩዝ ፍሬ መጠኑን ብታሳያትና ስለ ሌሊት ጡጦ ብትነግራት የሚወስደው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። ሜክሲኮ ያየነው አባት ይህን የሚነግረው ሰው በዘጠኝ ወር ቢያገኝ ኖሮ በአራት ዓመት ልጁን ጉንጩ አብጦ አያመጣውም ነበር።

የትምህርት ቢሮዎችና የጤና ቢሮዎች ይህን እንዲጀምሩ እንጠይቃለን። እስኪጀምሩ ድረስ ግን ዛሬ ማታ ቤትዎ ያለውን ልጅ ራቱን እንደበላ፣ እንቅልፍ ሳይጥለው፣ ጭንዎ ላይ ያስተኙት፤ ከንፈሩን ከፍ አድርገው ጥርሱን ይዩ፤ ብሩሹንም እርስዎ ይያዙት።